ከወልዲያ ኮምቦልቻ በሚኒባስ፦ ጎማውንም ሹፌሩንም እያያችሁ ግቡ

ይህን የምጽፈው ከወልዲያ ደሴ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ለምትመላለሱ ሰዎች ነው። መስመሩን በደንብ አውቀዋለሁ። እህቴ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ትሠራለች፣ እኔ ደግሞ ወልዲያ ነኝ፤ ስለዚህ በወር ሁለት ጊዜ፣ አንዳንዴም ሦስቴ እሄዳለሁ። ከሁለት ወር በፊት ድረስ ጥሩ መኪና ማለት ለእኔ ወንበሩ ያልተቀደደ፣ መስኮቱ የሚከፈት፣ ሙዚቃው ጆሮ የማያደነቁር፣ ወያላው መልስ ሳይለመን የሚመልስ ማለት ነበር። አሁን መጀመሪያ የማየው ሌላ ነገር ነው። ያሳዩኝ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት አብረን ተጓዝን፣ ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም። ስማቸውን ነግረውኛል፤ ስላላስፈቀድኳቸው እዚህ አልጽፈውም።

ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወልዲያ መናኸሪያ ደረስኩ። ወያላው «ደሴ ደሴ! አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ይላል። ስገባ አምስት ወንበር ባዶ ነው። ይሄ የታወቀ ነው፣ ለምደነዋል። መሃል ላይ መስኮት ጋ ቦታ ያዝኩ። ወደ ውጭ ሳይ አንድ ሽማግሌ መኪናውን ይዞራሉ። ነጭ ኮፍያ፣ ሽርጥ፣ አሮጌ ኮት፣ ትከሻቸው ላይ ጋቢ። በአንድ እጃቸው ከዘራ፣ በሌላው ክዳኑ በፌስታል የታሰረ ቢጫ ጀሪካን ይዘዋል። ጀሪካኑን መሬት አስቀመጡና ከፊት ጎማው ሥር ቁጢጥ አሉ። የአውራ ጣታቸውን ጥፍር በጎማው ክር መሃል ከተቱት። አወጡት፣ አዩት። ወደ ኋላው ጎማ ሄደው እንደዚያው አደረጉ። ከዚያ ዞረው በእኔ በኩል መጡና ጎንበስ ብለው የጎማውን ጎን በእጃቸው ዳበሱት፣ የታመመ በሬ እንደሚዳብሱ ነው የሚመስለው።

ረዳቱ «አባባ ይግቡ እንጂ፣ ምን ጠፋዎት?» አላቸው።

«ምንም አልጠፋኝ። የሚሸከመኝን እያየሁ ነው» አሉና ገቡ።

አጠገቤ ተቀመጡ። ጀሪካኑን እግራቸው መሃል አቆሙት፤ ወዲያው የቅቤ ሽታ መጣ፣ ያ በኮሰረትና በኮረሪማ የተነጠረ ቅቤ። ኮምቦልቻ ያለችው ልጃቸው ወልዳ አራስ ሊጠይቁ ነው። «እንኳን ማርያም ማረቻት አባባ» አልኳቸው። «አሚን፣ አሚን። አንቺንም ለወጉ ያብቃሽ» አሉኝ። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና በከዘራቸው ወደ ፊት አመለከቱኝ። «ሹፌሩ መጣ። መጀመሪያ የሚነካውን ነገር እዪ።»

አየሁ። ልጁ ተቀመጠ፣ ቁልፉን ከማዞሩ በፊት ፍሬኑን ሦስት ጊዜ ረገጠ። መስታወቱን አስተካከለ። ቀበቶውን አሰረ። ስልኩን ኪሱ ውስጥ ጨመረ። ከዚያ አስነሳ።

«ይሄ ያደርሰናል» አሉ። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ስለዚህ መኪና መጀመሪያ ልናገር። ጥሩ ነበር። ወንበሩ ጠበብ ይላል፣ እግሩ ረዘም ያለ ሰው ይቸገራል። ሙዚቃው ልክ ነበር። ታሪፉን እዚህ አልጽፍም፣ ነዳጅ በጨመረ ቁጥር ስለሚቀያየር ትላንት የጻፍኩት ዛሬ ይሳሳታል፤ ግን መናኸሪያው ላይ የነገሩንን ነው ያስከፈሉን። ከወልዲያ ደሴ 120 ኪሎ ሜትር ነው። ሲወራ ቅርብ ነው። መንገዱ ግን ሜዳ አይደለም። ሲሪንቃን አልፈህ መርሳ ትወርዳለህ፣ ቆላው ይሞቃል፣ ልጆች ማንጎና ፓፓያ ይዘው ወደ መስኮት ይሮጣሉ። ከዚያ ውርጌሳ፣ ከዚያ ወደ ውጫሌ ትወጣለህ፣ የአምባሰል ተራራ በቀኝህ ይመጣል። ሐይቅ ላይ ትንሽ ያርፋል መንገዱ፣ ደሴ ለመግባት ደግሞ እንደገና ዳገት። ፍተሻም ስላለ መታወቂያችሁን ከሻንጣ አውጥታችሁ በእጅ ያዙ፣ አንድ ሰው ሲፈልግ ሁላችንም ቆመን ነው የምንጠብቀው።

ቅር ያለኝ ውርጌሳ ላይ ነው። ረዳቱ ሁለት ትርፍ ሰው ጨመረ። ሰዎቹ ባንኮ ላይ ተቀመጡ፣ ገንዘቡን ግን እንደ ሙሉ ወንበር ነው የተቀበላቸው። ከኋላ አንድ ሰውዬ ጮኸ፣ ሌላው «ቅርብ ነው የሚወርዱት፣ ይተባበሩ እንጂ» አለው። ይሄን ክርክር ሁላችንም እናውቀዋለን፣ በየቀኑ አንድ ዓይነት ነው። እኔም ሁሌም ስለ መጨናነቅ ነበር የማስበው፣ የጉልበት ለጉልበት ነገር። አባባ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ሞተሩ ሃያ ሰው ያወጣል። ፍሬኑ ግን ሃያ ሰው አያወርድም» አሉ። የሰማኋቸው እኔ ብቻ ነኝ መሰለኝ።

«ሹፌር ነበሩ እንዴ አባባ?» አልኳቸው።

ዓይናቸውን ገለጡ። ከዚህ በኋላ ደሴ እስክንደርስ ዝም አላሉም፣ እኔም እንዲሉ አልፈለግኩም።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት የአሰብን መስመር ነድተዋል። በኤንትሬ። የእኔ ዕድሜ ሰዎች ኤንትሬን የምናውቀው በስም ነው፣ ያ አፍንጫ የሌለው፣ ፊቱ ጠፍጣፋ የድሮ ፊያት ካሚዮን። ከአሰብ ተነስተው በቡሬ፣ በማንዳ፣ በኤሊዳር፣ በሚሌ አድርገው ባቲ ይገባሉ፣ ከባቲ ኮምቦልቻ። መንገዱን ጣሊያን ነው የሠራው፣ የአገሩ ጭነትም ለብዙ ዓመት በዚያ በኩል ነው የገባው። ሙቀቱን ሲነግሩኝ በእጃቸው መሪ የያዙ ይመስላሉ። ቀን ቀን ከመኪናው ሥር በጥላው ተኝተው ማታ ማታ ነበር የሚነዱት፣ ጎማው እንዳይፈነዳ። «በረሃው ላይ ጎማን እንደ ሕፃን ነው የምታስተኚው» አሉኝ።

ሐይቅ ላይ 15 ደቂቃ ቆምን። እዚያ የሚጠበሰውን አሳ ለምሳ ለሚያልፍ ሰው አጥብቄ እመክራለሁ፣ ትኩስ ነው፣ ከሐይቁ ነው የሚመጣው፤ እኛ ግን ገና ጠዋት ስለነበር ሻይ ብቻ ጠጣን። ልከፍል ስል እጄን በከዘራቸው አገዱኝ። ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው ስለ 77 ነገሩኝ። በድርቁ ጊዜ ከአሰብ የእርዳታ ስንዴ ጭነው ባቲ መጠለያ ሲደርሱ መኪናው ገና ሳይቆም ሕዝቡ ድምፁን ሰምቶ ይነሳል። መነሳት ያልቻለው ተኝቶ ያያቸዋል። ሊያወርዱ የመጡት ወጣቶች አንድ ኩንታል ለሁለት አንስተው መራመድ ያቅታቸው ነበር። «አንድ ቀን ሚሌ ላይ ራዲያተር ፈንድቶብኝ ስምንት ሰዓት ቆምኩ» አሉ። «ስምንት ሰዓት። እስካሁን ያቺን ስምንት ሰዓት እቆጥራታለሁ።» ሌላ አልጨመሩበትም። ሻይውን ጨርሰው ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ደፉት።

በ1990 ግንቦት ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ የአሰብ መስመር ተዘጋ። ሁሉም ጭነት ወደ ጅቡቲ ዞረ። እሳቸው የጅቡቲውን ብዙም አልሠሩም፤ ዓይናቸውም ደከም ብሎ ነበር፣ ትንሽ ጊዜ እዚሁ ወሎ ውስጥ አውቶቡስ ነድተው አቆሙ። አሁን ወልዲያ አጠገብ መሬት አላቸው፣ ልጃቸው ያርሰዋል።

ደሴ ስንገባ ብርድ ነው። የጦሳ ተራራ ግማሹ በጉም ተሸፍኗል። የወልዲያው ሹፌር ፍሬኑን ይዞ መኪናውን ቀጥ አድርጎ ካቆመ በኋላ ነው በሩ የተከፈተው፤ እየሄደ በር የሚያስከፍት ሹፌር ስንቱን አይቻለሁ። አባባ ሲወርዱ ትከሻውን መታ መታ አድርገው መረቁት። ለዚህኛው ጉዞ ከአምስት አራት እሰጣለሁ። አንዱን የቀነስኩት በውርጌሳው ትርፍ ነው።

አሁን ወደ ኮምቦልቻው እንሂድ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ ያለው።

የደሴ ኮምቦልቻ መኪና ቶሎ ይሞላል፣ ቶሎ ይሄዳል፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ናት። ሰው እንደ ከተማ ታክሲ ነው የሚያያት፣ ሳያይ ዘሎ ይገባል። እኔም ተራ የያዘው መኪና ውስጥ ልገባ አንድ እግሬን አንስቼ ነበር። አባባ ግን ቁጢጥ ብለዋል። ጥፍራቸው ጎማው ውስጥ አልገባም። መግቢያ የለውም፣ ክሩ አልቆ ልሙጥ ሆኗል። ጠሩኝና በከዘራቸው ጫፍ በጎኑ በኩል አንድ ቦታ አሳዩኝ። ምንም አይታይም። «ንኪው» አሉኝ። ጣቴን ሳሳልፍበት ወጋኝ። ከጎማው ውስጥ ሽቦ ወጥቷል፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ሦስት አራት ክር።

ተራ አስከባሪው መጣ። አባባ በቀስታ ነገሩት። «አባባ፣ ተራው የሱ ነው። ካልፈለጉ ሌላ ይጠብቁ» አለ። አልተከራከሩም። ጀሪካናቸውን አንስተው አጥሩ ጋ ሄደው ቆሙ። እኔ ግራ ገባኝ። ሰዓቱ እየሄደ ነው፣ እህቴ ሁለት ጊዜ ደውላለች፣ መኪናው ሁለት ሰው ብቻ ነው የቀረው። ጣቴን አየሁት፣ ቀይ ነጥብ አለበት። ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩ። መኪናው ሞልቶ ሄደ። ጸሎት የመሰለ ነገር አጉተመተሙለት። እውነቱን ለመናገር በሰላም ገብቷል፣ ኮምቦልቻ ቆሞ አይተነዋል። ግን ያን ጎማ የነካ ጣቴ እስካሁን ይነግረኛል፣ በዚያ መኪና ውስጥ ሕፃን ያዘለች ሴት ነበረች።

25 ደቂቃ ጠብቀን ሁለተኛው መጣ። የዚህኛው ጎማ ደህና ነው። ሹፌሩ ወጣት ነው፣ ሃያ ሦስት ሃያ አራት ቢሆን ነው። ገብቶ መጀመሪያ የነካው ስልኩን ነው። ፍሬን አልረገጠም። ቀበቶ አላሰረም። ቀና ብዬ አባባን አየኋቸው። «ጎማው ደግ ነው። ልጁን እናየዋለን» አሉና ልክ ከሹፌሩ ኋላ ያለውን ወንበር ያዙ።

ሐረጎን ለማታውቁት፤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ግድም ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1850 አካባቢ። ያን ሁሉ በአጭር መንገድ ነው የምትወርደው። ከታች ሜዳው ይታያል፣ ፋብሪካዎቹ፣ ቆርቆሮው ሲያበራ። ያምራል። እኔ ሁሌ ፎቶ የማነሳው እዚያ ነው።

ትንሽ እንደወረድን የሞተሩ ድምፅ ጠፋ። ጠፋ ስል፣ ቀነሰ፣ መኪናው እየተንሳፈፈ የሚሄድ ይመስላል። ድሮ ይሄ ይመቸኝ ነበር፣ ጸጥ ስለሚል። አባባ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። «ማርሽ አወጣ» አሉ፣ ለራሳቸው ነው። ሞተሩ መኪናውን እንዳይዘው ለቆታል ማለት ነው። አንድ ኩርባ፣ ሁለተኛ ኩርባ። ልጁ ፍሬኑን ይዞ ነው የሚያጥፈው፣ ይለቃል፣ እንደገና ይይዛል። ሦስተኛው ላይ ሽታ መጣ። የተቃጠለ ላስቲክ አይሉት የተቃጠለ ጨርቅ፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ። አንዲት እናት ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አደረገች።

አባባ ጎንበስ ብለው ወደ ልጁ ጆሮ ተጠጉ። አልጮኹም። ይሄን ነው የማልረሳው። «ልጄ፣ አፉ በለኝ፣ ሥራህ ውስጥ ገባሁ። ፔዳሉ ወደ ታች ይሄድብሃል?»

ልጁ ዝም አለ።

«አብሽር፣ ንገረኝ ብቻ።»

«ትንሽ… ይሄዳል» አለ። ድምፁ ሌላ ሆኖ ነበር።

«በል ሦስተኛ አስገባ። ገባ? አሁን ሁለተኛ። ፍሬኑን አትያዘው፣ ካስፈለገህ ጫን አድርገህ ልቀቅ። ሞተሩ ይጩህ፣ አይሞትም፣ ይያዝህ።»

ሞተሩ ጮኸ። መኪናው ከኋላ በገመድ እንደተሳበ ሁሉ ተጎተተ፣ ሁላችንም ወደ ፊት ዘንበል አልን። ከኋላ አንዱ «ምንድነው? ሰዓት አለን እኮ!» አለ። ያቺ እናት ዞራ «ዝም በል!» አለችው፣ ዝም አለ። አንድ ኩርባ እንደዚያ ወረድን። መንገዱ ሰፋ ያለበት ቦታ ሲመጣ አባባ «እዚህ ቁም፣ ከተራራው በኩል» አሉት። ቆመ። የእጅ ፍሬን ሳበ። ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ድንጋይ አመጣና ከጎማው ሥር ጨመረ። ሁላችንም ወረድን። ማንም አልተናገረም። ልጁ መሪው ላይ እጁን እንዳደረገ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ወረደ።

ረዳቱ የውሃ ጀሪካን ይዞ ወደ ጎማው ሲሮጥ አባባ ከዘራቸውን አነሱ። «እንዳታፈስበት! የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ይሰነጥቀዋል። ነፋሱ ይበቃዋል።» ከዚያ ሹፌሩን ጠሩት። «እጅህን አምጣ። መዳፍህን አይደለም፣ ጀርባውን። አትንካው፣ አስጠጋው ብቻ።» ልጁ የእጁን ጀርባ ወደ ጎማው ብረት አስጠጋ፣ አራት ጣት ያህል ሲቀረው መለሰው። «ሌላውን» አሉት። አራቱንም ጎማ አስዞሩት። የፊቶቹ ይፋጃሉ፣ የኋላዎቹ ሞቅ ያሉ ናቸው። እኔም ተከትዬ እጄን አስጠጋሁ። እንደ ምጣድ ነው።

ለምን እንደሆነ አስረዱት፣ እኛም ቆመን ሰማን። ጎማውን አንቆ የሚይዘው የፍሬን ሸራ ሲግል መያዝ ያቆማል፤ የቱንም ያህል ብትረግጠው ይንሸራተታል። የፍሬኑ ዘይትም ይፈላል። ሲፈላ ውስጡ አረፋ ይሆናል፣ አረፋ ደግሞ ስትጫነው ይጨመቃል እንጂ አይገፋም፤ ለዚህ ነው ፔዳሉ ወደ ታች የሄደው። ማርሽ ውስጥ ያለ መኪና ግን ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል፣ ፍሬኑ የሚሠራው ትንሽ ነው። «በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ሐረጎን ስትወጣ በሁለተኛ ነው የምትወጣው አይደል? በቃ፣ በሁለተኛ ውረድ።»

ልጁ አንገቱን ደፍቶ «ነዳጅ ለመቆጠብ ነው አባባ» አለ። ለመኪናው ባለቤት በቀን የሚያስገባው የተቆረጠ ገንዘብ አለ፣ ነዳጁ ከራሱ ኪስ ነው። ወረፋ ይዞ አድሮ ነው የሚቀዳው። ይሄን ሲናገር ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፣ ከድንጋጤው ይሁን ከሌላ አላውቅም። አባባ አልተቆጡትም። «አውቃለሁ። እኔም ልጅ ሆኜ እንደዚሁ አወርድ ነበር» አሉት።

ከዚያ መንገዱ ዳር ባለች ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አንዲት ልጅ ቆሎ በእጃችን በእጃችን አከፋፈለችን። ነፋስ አለ። እና የነገሩን ይሄ ነው።

የአረፋ ዋዜማ ነበር። ከደሴ ጥሬ ቆዳ ጭነው ወደ ኮምቦልቻ እየወረዱ ነው፣ ለበዓሉ ቤታቸው ለመድረስ ቸኩለዋል። በከባድ ማርሽ፣ በዝቅተኛው ማለት ነው፣ መውረድ ሲገባቸው በቀላሉ ማርሽ ለቀቁት። ከዚች ካለንባት ቦታ ብዙም ሳይርቅ ፍሬኑ እምቢ አለ። ረዳታቸው አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። በሩን ከፍቶ ታኮውን ይዞ ዘለለ። ታኮ ማለት ጎማ ሥር የሚከተተው የእንጨት ሽብልቅ ነው፣ የካሚዮን ረዳት ሁሌ አጠገቡ ያኖረዋል። የመጀመሪያውን ታኮ ጎማው ተፋው። ልጁ ሮጦ ሁለተኛውን ከተተ። መኪናው ወደ ተራራው ጥግ ዞሮ ቆመ። የልጁ ቀኝ እግር ግን ከታኮው ጋር ጎማው ሥር ገብቶ ነበር።

«ዛሬ ኮምቦልቻ ነው ያለው። ሱቅ አለው፣ ልጆች አሉት» አሉ። «የአረፋን ዕለት ሁሌ መጀመሪያ የምሄደው እሱ ቤት ነው። እሱ አፉ ብሎኛል። የዛኑ ቀን ነው አፉ ያለኝ፣ ሆስፒታል ተኝቶ።»

ማንም ቆሎ የሚቆረጥም አልነበረም። ልጁ ሹፌር ቆሞ መሬት መሬት ያያል።

20 ደቂቃ ያህል ቆየን። አባባ ራሳቸው ተነስተው የእጃቸውን ጀርባ አስጠጉ፣ «ረግጠህ እየው» አሉት፣ ረገጠ፣ ፔዳሉ ጠንክሯል። የቀረውን ቁልቁለት በሁለተኛ ወረድን። በጣም ቀስ ብለን። ሁለት ሚኒባስ ክላክስ እየነፉ አልፈውናል። ማንም ሰዓት አለን አላለም።

ኮምቦልቻ ስንደርስ ረዳቱ የአባባን ሂሳብ ሊመልስ እጁን ዘረጋ። «ለልጅህ ስኳር ግዛበት» አሉት። «ልጅ የለኝም አባባ።» «ይኖርሃላ!» ሹፌሩ ጀሪካኑን ተሸክሞ ባጃጁ ድረስ አደረሰላቸው። እኔ በዚያ መሃል ስልኬን አውጥቼ ታርጋውን ፎቶ ላነሳ ነበር። ልለጥፈው ነበር ሐሳቤ፣ ሰው እንዲጠነቀቅ። አባባ ከባጃጁ ውስጥ አዩኝና በእጃቸው ጠሩኝ።

«ልጄ፣ የልጁን ታርጋ እንዳታወጪው። ማን አስተማረው? መንጃ ፈቃድ የሚያወጡበት ሜዳ ላይ ሐረጎ የለም። ነገሩን ተናገሪ፣ ልጁን ተይው።»

ነገሩን እየተናገርኩ ነው። ታርጋውም ማኅበሩም እዚህ የለም።

አሁን ለደሴ ኮምቦልቻው ጉዞ ስንት ልስጥ? ሁለት ከአምስት። ልጁን ለመቅጣት አይደለም። ልጁ ሲነግሩት ሰምቷል፣ ቆሟል፣ ተምሯል፤ ስንቱ ትልቅ ሹፌር ተሳፋሪ ሲናገረው «አርፈህ ተቀመጥ» ነው የሚለው። ነጥቡ ዝቅ ያለብኝ በመናኸሪያው ነው። ሽቦ ያወጣ ጎማ እያየ «ተራው የሱ ነው» የሚል አሠራር ልክ አይደለም። ተራ ይከበር፣ አዎ፤ ግን ተራ ማስከበር ማለት ወረፋ መቁጠር ብቻ መሆን የለበትም። ለሁሉም መኪና መውጫ የሚሰጠው ተራ አስከባሪው ነው። ጎንበስ ብሎ ጎማ ለማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም፣ አባባ በ70 ምናምን ዓመታቸው ቁጢጥ ብለው አይተውታል። የመኪና ባለቤቶችም፣ የልጆቹን የቀን ገቢ ስትቆርጡ ነዳጁን አስቡበት። ማርሽ የሚወጣው በዚያ በተቆረጠ ገንዘብ ምክንያት ነው።

ለተሳፋሪ የምለው፤ ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት በኋላ በተለይ በክረምት ሐረጎ ላይ ጉም ይወርዳል። ቀበቶ ካለ እሰሩ፣ ብዙዎቹ መኪናዎች ላይ ከወንበሩ ሥር ተጠቅጥቆ ነው ያለው፣ ሳብ አድርጋችሁ አውጡት። ትርፍ ሲጫን የምትናገሩት ስለመጨናነቅ ብቻ አይሁን። የሞተሩ ድምፅ ቁልቁለት ላይ ከጠፋ ዝም አትበሉ፣ ግን እንደ አባባ በጆሮ ንገሩት፤ ሰው ፊት የተጮኸበት ሹፌር እልህ ይይዘዋል።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። አንዴ ደሴ ላይ መኪና ትቼ 40 ደቂቃ ጠብቄያለሁ፣ ብርዱ አጥንት ድረስ ገብቶ ነበር። ሁለቱን ጊዜ ሹፌሮቹ ሐረጎን በማርሽ ነው የወረዱት፣ ሞተሩ እየጮኸ። ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ ስንደርስ ሹፌሩ ወርዶ ከፊት ጎማው አጠገብ ቁጢጥ ሲል አየሁት፣ የእጁን ጀርባ ወደ ብረቱ አስጠጋ። ያ ልጅ መሰለኝ። ኮፍያ አድርጎ ነበር፣ እኔም ከኋላ ስለነበርኩ እስክወርድ ሌላ ሰው ጭኖ ሄደ።